ቤት የተጠመቀ ኮምቡቻ ያሳምማል? ከደሴና ከኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

አንዱ ከአዲስ አበባ ሲመለስ በሃይላንድ እርሾ ይዞ ይመጣል። ለእህቱ ያካፍላል፣ እህቱ ለጎረቤት ትሰጣለች። ከዚያ ክርክሩ ይጀምራል። "ይሄ ነገር መርዝ ነው፣ ሰው ገድሏል" የሚል አለ። "ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለሁሉም ፍቱን ነው" የሚልም አለ። ሁለቱም እዚያው ቡና ላይ ተቀምጠው ነው የሚከራከሩት።

እኔ ጠማቂ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ቢሆንም ከጓዳ የሚነሳውን ጥያቄ ከነመልሱ አሰባስቤዋለሁ። አንዳንዱ ጥያቄ በሁለት መስመር ያልቃል፣ አንዳንዱ ግን ትንሽ ጊዜ ይወስዳል።

ኮምቡቻ ምንድን ነው? ከጠላ በምን ይለያል?

ስኳር የገባበት፣ እርሾ ተጥሎበት የኮመጠጠ ሻይ ነው። እርሾዎቹ ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ጋዝ ይቀይሩታል። አብረዋቸው ያሉት ባክቴሪያዎች ደግሞ አልኮሉን ተቀብለው አሴቲክ አሲድ ያደርጉታል። አቼቶን የሚያኮመጥጠው እሱው አሲድ ነው። ላዩ ላይ የሚንሳፈፈው ወፍራም፣ የሚያዳልጥ ሽፋን ስኮቢ ይባላል። እንጉዳይ የሚመስለው ብዙ ነው፣ ግን አይደለም። ባክቴሪያዎቹ የሠሩት ሴሉሎስ ነው።

ጠላ ተከድኖ፣ ተደፍኖ ስለሚቀመጥ አልኮሉ አልኮል ሆኖ ይቀራል። ኮምቡቻ በጨርቅ ብቻ ተሸፍኖ አየር ስለሚያገኝ አብዛኛው አልኮል ወደ አሲድ ይሄዳል። ክዳኑ ክፍት ሆኖ የሰነበተ ጠላ የሚሆምጥበትም ምክንያት ይኸው ነው።

ወደ ዋናው ጥያቄ ልግባ፤ ያሳምማል ወይስ አያሳምምም?

ጤነኛ የሆነ አዋቂ፣ በንጽሕና የተጠመቀውን፣ በመጠኑ ቢጠጣ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሆንም። የሚጠብቀው አሲዱ ነው። በሽታ አምጪ ጀርሞች ኮምጣጣ ነገር ውስጥ መራባት ይከብዳቸዋል። ስለዚህ ጥያቄው "ስንት ቀን ቆየ?" ሳይሆን "ምን ያህል ኮመጠጠ?" መሆን አለበት።

አሲድነት የሚለካው በፒኤች ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል። በምግብ ደህንነት መመሪያዎች ላይ የምታገኙት ወሰን ይህ ነው፦ ኮምቡቻው በ7 ቀን ውስጥ ከ4.2 በታች መውረድ አለበት፣ ከ2.5 በታች ግን መሄድ የለበትም። በ7ኛው ቀን 4.2 ካልደረሰ ይደፋል። ከ2.5 በታች ከወረደ ደግሞ ለመጠጥ አይሆንም፣ ሆድ ያቃጥላል።

አደጋው ያለው መጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ነው። ያን ጊዜ ዕቃው ውስጥ ያለው ጣፋጭ ሻይ ብቻ ነው፤ ጣፋጭ ሻይ ደግሞ ለማንም ጀርም ድግስ ነው። ለዚህ ነው ስኮቢውን ብቻ ጥሎ መቀመጥ የማይበቃው። ቀድሞ ከተጠመቀው ኮምጣጣ ፈሳሽ ቢያንስ አንድ አስረኛ መግባት አለበት። ለ2 ሊትር ሻይ 200 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። እርሾ ሲሰጧችሁ ስኮቢውን ብቻ በላስቲክ ቋጥረው ከሰጧችሁ "ውሃውስ?" በሉ። ዋናው እሱ ነው።

"ሰው ገድሏል" የሚባለውስ እውነት ነው?

ወሬው ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ አዮዋ ግዛት ሁለት ሴቶች በጠና ታመሙ። ደማቸው ውስጥ አሲድ ከልክ በላይ ተጠራቅሞ ነበር። አንደኛዋ ሞተች፣ ሁለተኛዋ ተረፈች። ሁለቱም ለሁለት ወር ያህል ቤት የተጠመቀ ኮምቡቻ በየቀኑ ይጠጡ ነበር፣ እርሾውም ከአንድ ምንጭ የመጣ ነው። የአሜሪካ የበሽታ ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከል ጉዳዩን ዘገበ። በምርመራው መርዝም ሆነ የታወቀ በሽታ አምጪ አልተገኘም። ከዚያው እርሾ የጠጡ ሌሎች ብዙ ሰዎችም ምንም አልሆኑም። ማዕከሉ "ኮምቡቻው ነው" ብሎ አላረጋገጠም፣ "አይደለም" ብሎም አልዘጋውም። ጤነኛ ሰው በቀን 120 ሚሊ ሊትር ገደማ ቢጠጣ ጉዳት ላይኖረው እንደሚችል ግን ገልጿል።

እንግዲህ "ገዳይ ነው" የሚለውም "አንድም ሰው ጎድቶ አያውቅም" የሚለውም ልክ አይደለም።

ደሴ ብርድ ነው። ስንት ቀን ላቆየው?

ይህ ጥያቄ ለእኛ ከሁሉም ይበልጣል። ከሌላ አገር የተቀዳ አሠራር ሁሉ "ከ7 እስከ 14 ቀን" ይላል። ያ የሚሠራው ክፍሉ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ነው። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ወጥ ቤታችን እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ለደሴ ሰው አይነገርም። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ጃኬት ታወልቃላችሁ። ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ይወርዳል፤ ኮምቡቻውም ይፈጥናል።

ብርድ ራሱ አይጎዳም። ጉዳቱ የሚመጣው ከመዘግየቱ ነው። ሻይው ሳይኮመጥጥ ብዙ ቀን ሲቀመጥ ሻጋታ ቀድሞ ይደርሳል። "ብርድ ስለሆነ አንድ ወር ላቆየው" የሚለው ዘዴ ስለዚህ አያዋጣም። መጀመሪያውን ነው ማፍጠን ያለባችሁ። እንዲህ አድርጉ፦ ኮምጣጣውን ፈሳሽ ከአንድ አስረኛ ወደ አንድ አምስተኛ አሳድጉት። ዕቃውን አነስ አድርጉት። እንጀራ በተጋገረ ቀን ሙቀቱ የሚቆይበት መደርደሪያ ካለ እዚያ አስቀምጡት፣ ማታ በጋቢ ጠቅልሉት። ከሰል ወይም ቡታ ጋዝ አጠገብ ግን አይሆንም፤ አንድ ጎን ብቻ ይሞቅና ይበላሻል፣ ጭሱም ይገባበታል።

ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ በሞቃቱ ወራት ከ5ኛው ቀን ጀምራችሁ ቅመሱ። በጣም ኮምጥጦ የሚጠብቃችሁ እናንተን ነው።

ፒኤች የሚለካው ወረቀት የላቦራቶሪና የኬሚካል ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ዘንድ ይገኛል። ስትጠይቁ "የፒኤች ወረቀት፣ ቁጥር ያለው" በሉ። ትምህርት ቤት የምናውቀው ቀይና ሰማያዊ ሊትመስ አይበቃም። እሱ አሲድ መሆኑን ይነግራችኋል እንጂ ስንት እንደደረሰ አይነግራችሁም። ወረቀቱን ዕቃው ውስጥ አትንከሩት። በንጹሕ ማንኪያ ቅዱና ሲኒ ላይ ለኩት።

የቧንቧ ውሃ ይሆናል? ምን ያህል ይፍላ?

ይሆናል፣ ግን ይፍላ። ውሃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር በርሜልና ጀሪካን ውስጥ ሰንብቶ ነው የምንጠቀመው፣ ስለዚህ ማፍላቱ ግድ ነው። ከፍ ባለ ቦታ ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች ነው። ደሴ ላይ ወደ 92፣ ኮምቦልቻ ላይ ወደ 94 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል። ጀርሙን ለመግደል ይበቃል፣ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ከ2,000 ሜትር በላይ ሲሆን የሚመከረው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ነው። ከዚያ በታች 1 ደቂቃ ይበቃል። ስለዚህ ደሴ 3፣ ኮምቦልቻ 1። ክረምት ላይ የደፈረሰ ውሃ ከሆነ ሳይፈላ በፊት በጨርቅ ይጠለል።

ሻይው በደንብ ሳይቀዘቅዝ እርሾ አትጨምሩ። ትሞታለች። ከሞተች በኋላ ደግሞ ዕቃው ውስጥ ያለው ያ ቅድም ያልነው ድግስ ብቻ ነው።

በምን ዕቃ ልጥመቀው? ጋን ውስጥስ?

በብርጭቆ ዕቃ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር፣ ግን ቤት ያለው ሌላ ስለሆነ ልዘርዝረው።

የአልሙኒየም ድስት በፍጹም አይሆንም። አሲዱ ብረቱን ይበላዋል፣ የተበላውን እናንተ ትጠጡታላችሁ። ሻይውን አፍልቶ ወዲያው መገልበጥ ችግር የለውም፣ ኮምጣጣውን ግን እዚያ አታስቀምጡ።

የሚያብለጨልጭ ቅብ ያለው ሸክላ ደግሞ ከአልሙኒየሙም ይብሳል። ቅቡ ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1998 ከአውስትራሊያ የወጣ የሕክምና ዘገባ አለ። ባልና ሚስት ለ6 ወር ያህል ቅብ ሸክላ ውስጥ የጠመቁትን ኮምቡቻ ጠጥተው በእርሳስ ተመርዘዋል። አሲዱ እርሳሱን ከቅቡ እያሟሟ ያወጣው ነበር። ዕቃው ቆንጆ ነው ብላችሁ እንዳትታለሉ።

የእኛ ጋንና እንስራ ቅብ የላቸውም። ችግራቸው ሌላ ነው። ሸክላው ፈሳሽ ወደ ውስጥ ይስባል፣ የድሮው ጠላ ከነእርሾው ውስጡ ተቀምጧል። ወይራ ታጠነም አልታጠነም፣ ለኮምቡቻ የሚሆን ንጽሕና ማግኘት ይከብዳል። ጠላችሁን ጥመቁበት።

ቢጫው ጀሪካን ዘይት ወይም ኬሚካል የነበረበት ከሆነ አይነካ። ሃይላንድ እርሾ ከቦታ ቦታ ለማድረስ ይሆናል፣ ለሳምንታት ለማስቀመጥ ግን አልመርጠውም። ጥሩ የማይዝግ ብረት ችግር የለውም።

ለክዳን ጥቅጥቅ ያለ ንጹሕ ጨርቅ፣ በላስቲክ የታሰረ። ነጠላ ሳሳ ስለሚል አራት እጥፍ ይሁን። ትንንሿ የፍራፍሬ ዝንብ በአንድ እጥፍ ነጠላ ትገባለች፣ ገብታም ትፈለፍላለች። ዕጭ ያያችሁበትን ከነስኮቢው ድፉት።

ላዩ ላይ የሆነ ነገር አለ። ሻጋታ ነው?

ዕቃውን ብርሃን ወዳለበት መስኮት ውሰዱትና ከጎን ተመልከቱት።

ከሥር የተንጠለጠለ፣ ቡናማ፣ ክር የመሰለ፣ ስትነኩት የሚበታተን ነገር ካያችሁ እርሾ ነው። ጤነኛ ነው። ታች የተኛው ዝቃጭ አተላው ነው። ላዩ ላይ ግልጽ ወይም ነጣ ያለ፣ እርጥብ፣ እንደ ቀዘቀዘ ወተት ስልባቦት የተኮማተረ ሽፋን ካለ አዲሱ ስኮቢ እየሠራ ነው። ከሥሩ አረፋ ገብቶ ጉብ ጉብ ሊል ይችላል። እሱም ደህና ነው።

ሻጋታ ደረቅ ነው። ጸጉር አለው። ክብ ክብ እየሆነ ይበቅላል፣ ነጭ ሆኖ ይጀምርና አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ወይም ጥቁር ይሆናል። የሚበቅለው ከላይ፣ አየር በሚያገኝበት ነው እንጂ ፈሳሹ ውስጥ ሰጥሞ አይደለም። የሰነበተ እንጀራ ላይ ያያችሁትን ታውቁታላችሁ፣ ያው ነው።

ሻጋታ ከሆነ ሁሉም ይደፋል። ስኮቢውም፣ ፈሳሹም። "ላዩን ገፍፌ የታችኛውን ልጠጣ" አይሠራም፤ አንዳንድ ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ዓይን አያየውም፣ ወደ ታችም ይሰርጋል። አውቃለሁ፣ ያሳዝናል። ስኳሩም ተወዷል። ቢሆንም ይደፋ። ዕቃው በፈላ ውሃ ይታጠብ፣ ጨርቁ ይቀቀል፣ እርሾም ከሌላ ሰው ይለመን።

ሻይውን በቅርንፉድና በሔል ላፍላው?

አይ። መጀመሪያ ላይ ሻይ ቅጠል ብቻ ይሁን። ቅርንፉድና ቀረፋ ጀርም የሚገድል ዘይት አላቸው፣ የእናንተንም እርሾ ያዳክማሉ። ቅመሙን ከወደዳችሁ ኮምጥጦ ከተጠለለ በኋላ ጨምሩት።

አልኮል አለው? ሙስሊም ነኝ፣ ልጠጣው?

አልኮል አለው። ጥያቄው ምን ያህል የሚለው ነው። አሜሪካ ውስጥ ከአልኮል ነጻ ተብሎ ለሚሸጥ መጠጥ ወሰኑ 0.5 በመቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 አንዳንድ የፋብሪካ ኮምቡቻ ከዚህ አልፎ ስለተገኘ ከሱቅ መደርደሪያ ተነስቶ ነበር። ፋብሪካ እንዲህ ከሆነ የጓዳው ከ1 በመቶ ቢያልፍ አይገርምም፣ እስከ 3 በመቶ የሚደርስም አለ። ማንጎ ወይም ስኳር ጨምራችሁ ጠርሙስ ውስጥ ስታሽጉት አልኮሉ ይጨምራል፣ ምክንያቱም አየር ስለሌለ ባክቴሪያው ወደ አሲድ መቀየሩን ያቆማል። ለማነጻጸር ያህል፣ ቢራ 5 በመቶ ገደማ ነው።

ሐላልና ሐራም የሚለውን እኔ አልፈርድም። ለዓሊሞቻችሁ ስትጠይቁ ግን "ሻይ ነው" ብላችሁ ብቻ አትለፉት፣ ይህንንም ቁጥር ንገሯቸው። ከገብስ የሚጠመቀውን ቀሪቦ ለለመደ ቤት ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ እሱም ሲሰነብት ተመሳሳይ ነገር ያመጣል።

ጠርሙሱ ፈንድቶ ግድግዳውን አለበሰው። ለምን?

ጋዝ ነው። ታሽጎም እርሾው መሥራቱን አያቆምም። የአምቦ ውሃ ዓይነት ወፍራም የብርጭቆ ጠርሙስ ጋዝ እንዲችል የተሠራ ነው፣ የጃምና የማር ዕቃ ግን አይችልም። የተሰነጠቀ ወይም የተፋቀ ጠርሙስ አትጠቀሙ። አፉ ድረስ አትሙሉ፣ ሁለት ሦስት ጣት ቦታ ተዉለት። ለጀማሪ የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይሻላል፤ ጨመቅ አድርጋችሁ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ጊዜው ደርሷል፣ ወደ ፍሪጅ።

ፍሪጅ ስል መብራት እንዳለ አስቤ ነው። መብራት ሁለት ቀን ከጠፋ ፍሪጁ ቁም ሳጥን ሆኗል ማለት ነው፣ ኮምቡቻውም እንደገና መብላላት ይጀምራል። ክዳኑን ቀስ ብላችሁ አስተንፍሱት፣ ፊታችሁን ዘወር አድርጋችሁ። ከደሴ ኮምቦልቻ ለዘመድ የምትልኩም ካላችሁ በቀዝቃዛው ጠዋት ላኩት። የሐረጎ ጠመዝማዛ እየናጠው፣ የሚኒባሱ መስኮት ፀሐይ እያሞቀው መሄድ የለበትም።

ጨጓራ አለብኝ። ይጠቅመኛል ይላሉ፣ እውነት ነው?

"ባክቴሪያው ለጨጓራ ጥሩ ነው" የሚለውን ሰምቻለሁ። ኮምቡቻ ግን ከአቼቶ ብዙም ያልራቀ አሲድ ነው፣ ካፌይንም አለው፣ ጋዝም አለው። ጨጓራችሁ በቡና ከተቆጣ በኮምቡቻ አይደሰትም። ቃር ወይም ቁስለት ያለበት ሰው ቢተወው ይሻላል። የኤች ፓይሎሪ (የጨጓራ ባክቴሪያ) መድኃኒት የጀመራችሁ ሰዎች ደግሞ መድኃኒቱን ጨርሱ። ኮምቡቻ ኤች ፓይሎሪን አያጠፋም።

ጤነኛ ሆናችሁ መጀመሪያ ቀን ላይ ሆድ ቢነፋ ወይም ትንሽ ቢያስቀምጥ መጠኑን ቀንሱ። ካልተወ ተዉት።

እናቴ ስኳር አለባት። እህቴ በየቀኑ ትሰጣታለች።

እህት ደግ ናት፣ ግን ቆይ ትበል። ለአንድ ሊትር ከ50 እስከ 100 ግራም ስኳር ይገባል። እርሾው ሁሉንም አይበላም። በ6ኛው ቀን የተጠለለና በ14ኛው ቀን የተጠለለ ኮምቡቻ የስኳር መጠናቸው በጣም ይለያያል፣ ምላስ ደግሞ ኮምጣጣው ስለሚሸፍነው አይለየውም። ብርድ ላይ ያልተብላላ የደሴ ኮምቡቻ ግማሽ ለስላሳ ሊሆን ይችላል።

"ለስኳር ፍቱን ነው" የሚለው ወሬ ምንጭ አለው። እ.ኤ.አ. በ2023 ዋሽንግተን ያለው የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 12 የዓይነት 2 ስኳር ሕሙማንን በቀን 240 ሚሊ ሊትር ኮምቡቻ ለ4 ሳምንት አጠጧቸው። በባዶ ሆድ የሚለካው ስኳራቸው በአማካይ ከ164 ወደ 116 ወረደ። ደስ ይላል። ግን 12 ሰው ነው፣ የጠጡትም የፋብሪካ ኮምቡቻ ነው። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ሌላ ሰፋ ያለ ጥናት ያስፈልጋል ነው ያሉት። መድኃኒት ለማስቆም የሚበቃ ነገር የለም።

እናት የምትወደው ከሆነ ሐኪሟን ትጠይቅ፣ ከጠጣች በኋላም በመለኪያው ትለካ። ኪኒኗን ወይም ኢንሱሊኗን መዝለል ግን የለም።

ጉበት ያጥባል፣ ካንሰር ይከላከላል የሚባለውስ?

ጉበት ራሱ ነው አጣቢው። የሚያጥበው አይፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ ቅኝት ስለ ኮምቡቻ የተጻፉትን ጥናቶች ሰብስቦ ሲያይ በሰው ላይ ተሠርቶ ውጤቱ የቀረበ ያገኘው አንድ ብቻ ነው። ቀሪው በአይጥና በላቦራቶሪ ዕቃ ላይ የተሠራ ነው። ለካንሰር የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ እየሸጠ ያለው ወሬ ነው። እንደ መጠጥ ጥሩ መጠጥ ነው። ለስላሳን ቢተካ ደስ ይለኛል።

ማን ፈጽሞ አይጠጣው?

ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ ሕፃናት፣ የጉበት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ መጠጥ ለማቆም የሚታገል ሰው። ከእነዚህ በላይ ደግሞ የመከላከል አቅማቸው የወረደ ሰዎች፦ የካንሰር ሕክምና ላይ ያሉ፣ ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ፣ ኤችአይቪ ያለባቸው። ለጤነኛ ሰው የማያስቸግር እርሾ ለእነሱ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2009 ከሎስ አንጀለስ አንድ ኤችአይቪ ያለበት የ22 ዓመት ወጣት ኮምቡቻ ከጠጣ ከሰዓታት በኋላ በከባድ ትኩሳትና በደም አሲድ መብዛት ሆስፒታል መግባቱ ተዘግቧል። ምክንያቱ እሱ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ግን ለአንድ ብርጭቆ መጠጥ ይህን መሞከር ምን ያደርጋል?

የደም ማነስ ያለባችሁ ሰዎችም አስቡበት። ሻይ ብረትን ከምግብ ውስጥ እንዳንወስድ ያደርጋል፣ ኮምቡቻም ሻይ ነው። ከምግብ ጋር አትጠጡት።

መድኃኒት እየወሰድኩ ልጠጣ?

አንዱን ለይቼ ልናገር፣ ምክንያቱም እኛ አገር በየቤቱ የሚገባ ነው። ለአሜባና ለጃርዲያ የሚታዘዘው ሜትሮኒዳዞል ከአልኮል ጋር አይወሰድም ይባላል፣ ቲኒዳዞልም እንዲሁ። ሰው ቢራ ይተውና ኮምቡቻ ይጠጣል፣ "ሻይ ነው" ብሎ። አልኮሉ ትንሽ ቢሆንም አለ። መድኃኒቱ እስኪያልቅና ከዚያም በኋላ ለ3 ቀን ቆዩ። ሌላ ቋሚ መድኃኒት ካላችሁ ፋርማሲስቱን ጠይቁ፣ ጥያቄው ገንዘብ አያስከፍልም።

በቀን ስንት ልጠጣ?

አንድ የሻይ ብርጭቆ ገደማ፣ ከላይ ያልኩት 120 ሚሊ ሊትር አካባቢ። ጀማሪ ከሆናችሁ ግማሹን። ካፌይኑ ስላለ ማታ አትጠጡት። አሲዱ ጥርስ ስለሚያሟሟ ቀኑን ሙሉ እየተጎነጩ መዋልም አይበጅም። በአንድ ጊዜ ጠጡ፣ በውሃ ተጉመጥመጡ፣ ጥርስ ለመፋቅ ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ።

ቁስል ላይ፣ ፊት ላይ የሚቀቡት ሰዎች አሉ።

ቁስል ላይ አታድርጉት። ኢራን ውስጥ ሕመም ያስታግሳል ብለው ስኮቢውን ቆዳቸው ላይ ያደረጉ ሰዎች የቆዳ አባ ሰንጋ ይዟቸው እንደነበር እ.ኤ.አ. በ1998 ተዘግቧል። የተጠመቀው ንጽሕና በሌለው ቦታ ነበር። ከብትና በግ በሚታረድበት፣ በሚረባበት አካባቢ የምንኖር ሰዎች ይህን ቀለል አድርገን ማየት አንችልም። ከብት ነክታችሁ እጃችሁን ሳትታጠቡ ወደ ኮምቡቻው አትሂዱ።

የጾም ነው?

ሥጋም ወተትም እንቁላልም የለበትም። ስኮቢውም ከእንስሳ የመጣ አይደለም። ቀኑን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ግን ባዶ ሆድ በኮምቡቻ ባይከፍት ጥሩ ነው፣ ረመዳን ላይ ለኢፍጣርም እንዲሁ። መጀመሪያ ውሃና ምግብ።

ጠጥቼ ታመምኩ። ምን ላድርግ?

ቀላል የሆድ ቁርጠት ከሆነ አቁሙት፣ ውሃና ኦአርኤስ ውሰዱ። የማይቆም ትውከት፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ ራስን መሳት ወይም መደናገር፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ደም ያለበት ተቅማጥ ከመጣ ግን "ይለፍልኛል" አይባልም። ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ። የተረፈውን ኮምቡቻ በጠርሙስ ይዛችሁ ሂዱ፣ በምን ዕቃ እንደተጠመቀና ስንት ቀን እንደቆየ ንገሯቸው። አፍሮ መደበቅ አለ፣ "ምን ጠጣህ?" ሲባል "ሻይ" የሚል። ሐኪሙ ካላወቀ በግምት ነው የሚያክመው።

ረስቼው ሁለት ወር ቆየ። አቼቶ ሆኗል። ልድፋው?

ሻጋታ ከሌለው አትድፉት፣ ግን አትጠጡት። ለሚቀጥለው ጥመቃ ከዚህ የተሻለ እርሾ የለም፣ ደሴ ላይ በብርድ ወራት የምትፈልጉት እንደዚህ ያለውን ኃይለኛ ነው። ሰላጣ ላይ በአቼቶ ፋንታ ጠብ ማድረግም ይቻላል። ቃሪያ ወይም ሌላ አትክልት ነክሮ ለወራት ለማስቀመጥ ግን አትጠቀሙበት። የሱቅ አቼቶ የአሲድ መጠኑ የታወቀ ነው፣ የጓዳው ግን ከዕቃ ዕቃ ይለያያል።